ተቀበይ ያሉኝን አልተቀበልሁም

ባለፈው ጥር ዳንግላ ላይ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ኪቦርድ የሚመታው ዘፋኝ፣ ፀጉሩን ያንጨበረረ ጎረምሳ፣ እኔን ሲያይ ማይክሮፎኑን ይዞ መጣና «የጥንቷ አዝማሪያችን እማማ ትዋብ እዚህ አሉ! እማማ፣ አንድ ግጥም ይስጡን፣ እኛ እንቀበልዎ!» አለ። ዳሱ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ሳህኔን አንስቼ ተነሣሁና ወደ በሩ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ በከተማው «ትዋብ አርጅታ ነጭናጫ ሆነች» ይባላል አሉ። ይበሉ። ነጭናጫ የሆንሁት ዛሬ አይደለም፤ በጃንሆይ ዘመንም ይኸው ነበርሁ።

ማሲንቆዬን ከሰቀልሁ ቆይቻለሁ። የግራ እጄን ጣቶች ቁርጥማት ያዛቸውና ጭራውን መጫን አቃታቸው። ጡረታ የሚባለው ይህ ከሆነ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አበል የሚከፍለኝ ግን የለም። ስሠራም ደመወዝ አልነበረኝም፤ የበላሁት ሰው ደስ ብሎት ግንባሬ ላይ የለጠፈልኝን ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። እናም የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ነገሬ ግን የራሴ ነው። በሠርጉ ቀን ለምን እንደተነሣሁ ማወቅ የሚሻ ይህን ያንብብ፤ የማይሻ ይተወው።

የተወለድሁት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። ቤታችን ውስጥ አውንጊ እንናገራለን፣ ገበያ ስንወርድ አማርኛ። አባቴ ፈረስ ወዳድ ነበርና ማሲንቆን ከማወቄ በፊት ጭራ አወቅሁ። የማሲንቆ ጭራ ከወንድ ፈረስ ጅራት እንጂ ከባዝራ አይወሰድም። ባዝራዋ ስትሸና ጅራቷ ይርሳል፣ ጭራውም እየላመ ይሄዳል፤ ስትመቺው ድምፁ ይልፈሰፈሳል። ከወንዱም ቢሆን ያልታመመውንና በደንብ የበላውን መርጠሽ፣ ከመካከል ረጃጅሙን ነቅሰሽ፣ በአመድ ውሃ አጥበሽ፣ ጥላ ውስጥ ታደርቂዋለሽ። ፀሐይ ላይ ያደረቀችው ሴት በሳምንቱ ሲበጣጠስባት ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ የማውቀው ከአባቴ በረት ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም።

በልጅነቴ ባል ተሰጥቼ ነበር። አልሆነም፣ ትቼው ወደ ዳንግላ ወረድሁ። ወይዘሮ ብርነሽ የምትባል የጠጅ ቤት እመቤት ብርሌ አጣቢ አድርጋ ቀጠረችኝ። ብርነሽ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ፈሪ ነበረች፤ ከክፉ ሰው ይልቅ ፈሪ ሰው ብዙ ጊዜ ጎድቶኛል። በዚያ ቤት ማሲንቆ የሚመታው አያ ይርጋ ነበር። ያኔ ጢሙ መሸበት ጀምሯል፤ ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ የሱን ድምፅ የማያውቅ የለም። አንድ ቀን ጭራው ተበጥሶ የሚተካበት አጣ። እኔ ከአባቴ ድንጉላ የነቀስሁትን ጭራ ከጓዜ አውጥቼ ሰጠሁት። ገትሮ ሞከረውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ማን መረጠው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አጥቦ ያደረቀውስ?»

«እኔው ነኝ አያ። አሁን ደግሞ አመታቱን ያስተምሩኝ።»

ሳቀ። በዚያ ዘመን ሴት ትዘፍናለች እንጂ ማሲንቆ አትመታም። ባል ይመታል፣ ሚስት ከጎኑ ቆማ ታዜማለች፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሴት ደጋን ይዛ ስትገዘግዝ ማየት ለሰው ሁሉ ነውር ነበር። አያ ይርጋ ግን ሚስቱ ሞታ ብቻውን የቀረ ሰው ነበርና «በይ ጠዋት ጠዋት ነይ፤ ከሰው ፊት ግን አትምቺው» አለኝ። ከሰው ፊት መምታቴ እንደማይቀር እሱም እኔም እናውቅ ነበር።

ስለ አያ ይርጋ ጠባይ ብጽፍ አይበቃኝም። ማሲንቆውን ሲቃኝ ለሰው ጀርባውን ይሰጣል፣ ጆሮውን ከቆዳው ላይ ያስጠጋል፣ ከንፈሩን ገጥሞ ያንጎራጉራል። «ያልተቃኘ ማሲንቆ ከሰው ፊት ማሰማት ሳይለብሱ መውጣት ነው» ይላል። አዲስ ከተማ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን አይዘፍንም። ገበያውን ይዞራል፣ ሰው ሲከራከር ይሰማል፣ ለቅሶ ካለ ሄዶ ከዳር ይቀመጣል። የአገሩ ዜማ ያለው በጠብና በለቅሶ ውስጥ ነው ብሎ ያምናል። እኔም በኋላ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዲስ ቅዳም ስዞር እንዲሁ አደረግሁ፤ አንድም ቀን አላከሰረኝም።

አንድ ጠባዩ ግን ያስቀኝ ነበር። አያ ይርጋ ሰው እያየው አይበላም። ዓይን ይፈራል። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ጋቢውን ከራሱ እስከ መሶቡ ይደፋል፣ በጋቢው ውስጥ ሆኖ ይጎርሳል። አንገቱ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። «የዘፋኝ ጉሮሮ የሚዘጋው በዓይን ነው» ይለኛል። ስንት ዘመን አብሬው ስሠራ ሲያኝክ አይቼው አላውቅም። ፈሪ ብዬ እቀልድበት ነበር። በእኛ አገር ቡዳ የማይፈራ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ እሱ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር።

የተጣላነው በሌላ ነገር ነው። የጠጅ ቤት ልማድ አለ፤ ጠጪው ሞቅ ሲለው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ደግሞ ያንኑ ቃል በቃል ከፍ አድርጎ ያዜመዋል። ሙገሳ ቢሆን፣ ስድብ ቢሆን፣ ያልተባለ ሐሜት ቢሆን መቀበል ግዴታ ነው። ሰውየው በራሱ አፍ ቢናገረው የሚያስደበድበው ነገር በአዝማሪ አፍ ሲወጣ ጨዋታ ይሆናል። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይለዋል፤ ማን እንደጀመረው አይጠየቅም።

«እኔ የሰው ግጥም አልቀበልም» አልሁት ለአያ ይርጋ።

«አዝማሪ ቦይ ነው ልጄ። ጥሩም ውሃ ድፍርስም ውሃ ያልፍበታል። ቦይ ደግሞ አይጠየቅም።»

«እኔ ቦይ አይደለሁም አያ። የምዘፍነው ከራሴ የወጣውን ነው።»

«በራስሽ ቃል ብቻ እንጀራ የሚበላ አዝማሪ አላየሁም።»

«እንግዲያው ያያሉ።»

ሰምና ወርቁንም ቢሆን አልወደድሁለትም። እሱ ነገርን ሸፍኖ መናገር ይችልበታል፤ ያወቀው ይስቃል፣ ያላወቀው ያጨበጭባል። እኔ አፌ ግልጽ ነው። ሰውን ካመሰገንሁ ስሙን ጠርቼ አመሰግናለሁ፣ ከወቀስሁም ስሙን ጠርቼ ነው። ለዜማውም የሱን ዝግታ ትቼ የጋሪ ፈረስ እርምጃ ወሰድሁ። ዳንግላ ያኔም ዛሬም የጋሪ ከተማ ናት። ፈረሱ በሶምሶማ ሲሄድ ኮቴውና የአንገቱ ቃጭል የሚያወጡት ምት አለ፤ እግር አያስቀምጥም። እኔም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቃጭል አስሬ፣ በእግሬ እየረገጥሁ በእጄ መምታት ጀመርሁ። ሽማግሌዎቹ «ይህቺ ልጅ ለማሲንቆው ልጓም አገባችለት» እያሉ ተሳለቁብኝ። ባለጋሪዎቹ ግን ፈረሳቸውን ደጅ እያሰሩ ገቡ፤ ብርነሽም ቤቷ ሲሞላ ስታይ ሴት መምታቷን ረሳችው። አልቀበልም ማለቴንም ቻለችልኝ። አንዱ «ተቀበይ!» ሲለኝ ደጋኑን ከጭራው ላይ አነሣና «ካሻህ ራስህ ዝፈነው!» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እንዲያውም ሆን ብለው «ተቀበይ» እያሉ የሚያናድዱኝ ነበሩ።

ያንን የእግር ቃጭል የሠራልኝ መኩሪያ ነው። መኩሪያ ከገበያው ዳር፣ ከመንገዱ አፋፍ ላይ የሚቀጠቅጥ ባለእጅ ነበር። የከተማው ጋሪ ሁሉ የጎማ ብረቱም፣ ልጓሙም፣ ቃጭሉም ከሱ እጅ የወጣ ነው፤ የገበሬውም ማረሻ እንዲሁ። ሥራውን ሁሉም ይወስዳል። ከቤቱ ግን ማንም አይበላም፣ በሠርግም ቢጠራ ለብቻው ነው የሚቀርብለት። ባለእጅ ነዋ! ቡዳ ነው ይባላላ! ከተማው ሙሉ በመኩሪያ ብረት እየሄደ መኩሪያን በሩቁ ነው የሚሸሸው። እኔም ያኔ ነገሩን እንደ ክረምት ዝናብ ነበር የማየው፤ ያለና የሚኖር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአካባቢው ምስለኔ አንድ ግራዝማች ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ አሉ፣ ልጆቹ አልበደሉኝም። ይህ ሰው የመኩሪያን ቦታ ወፍጮ ሊተክልበት ፈለገው። መንገድ ዳር ነው፣ ለገበያ ቅርብ ነው። መኩሪያ «የአባቴ ምድጃ ነው፣ አልለቅም» አለ። በዳኛ ሊያስለቅቀው ሞክሮ አልሆነለትም። ሌላ መንገድ ፈለገና ያገኘው እኛን ነው።

በገበያ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ብርነሽ ቤት ገባ። አሽከሮቹ ተከትለውታል፤ ቤቱ በባለጋሪና በነጋዴ ሞልቷል። አያ ይርጋ ከማዕዘኑ ተቀምጧል፣ እኔ ቆሜ እዘፍናለሁ። ግራዝማች ብርሌውን ከፍ አደረገ።

«ተቀበይ!»

«ጌታዬ፣ እኔ አልቀበልም፤ የራሴን ልዝፈንልዎ።»

«ያንቺን ማን ጠየቀሽ? ተቀበይ ብያለሁ!» አለና ግጥሙን ሰጠ፤

ቀን ብረት ይመታል፣ ማታ ሰው ይበላል፣
ያየው ልጅ ይከሳል፣ ያየው ከብት ይሞታል።

ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገው፤ በዚያ ሰፈር ብረት የሚመታ አንድ ሰው ነው። ይህች ግጥም ነገ ገበያ ከወጣች ሰው የመኩሪያን ልጆች በድንጋይ እንደሚያባርር፣ እሱም ቦታውን ጥሎ እንደሚሄድ ሁላችንም ገብቶናል። ከሹክሹክታ ግጥም ይብሳል፤ ሹክሹክታን ሰው ያፍርበታል፣ ግጥምን ግን ሕፃን እንኳ እየዘለለ ይለዋል።

ደጋኔን አነሣሁ። «ይህን አልልም። መኩሪያን አውቀዋለሁ፤ እግሬ ላይ ያለው የእሱ ሥራ ነው።»

ብርነሽ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «አንቺ ልጅ፣ እባክሽ! አንዴ ነው፤ በይውና ይለቅሽ!»

«አንዴ አይደለም እትዬ። ነገ ገበያ ነው።»

ግራዝማች ለአንዱ አሽከሩ በዓይኑ ጠቀሰው። ልጁ ማሲንቆዬን ከእጄ ነጥቆ መሬት ላይ አስተኛውና በጫማው ቆመበት። ቆዳው ተተረተረ፣ እንጨቱም ለሁለት ተሰነጠቀ። አላለቀስሁም። ንዴቴ እንባዬን አቃጥሎታል።

ግራዝማች ወደ ማዕዘኑ ዞረ። «ይርጋ! እንግዲህ አንተ ተቀበል።»

አያ ይርጋ እኔን አየ፣ የተሰበረውን ማሲንቆ አየ። ቀስ ብሎ ደጋኑን አነሣ። በእሱ ልማድ መሐል ላይ ቃል ለመለወጥ ሞከረ፤ «ቀን ብረት ይመታል፣ ማታ ቤት ይገባል» አለ። ሰው ሊስቅ ሲል ግራዝማች ብርሌውን ጠረጴዛ ላይ መታው። «እንዲህ ነው ያልሁህ? እንደተባልኸው ተቀበል!» አያ ይርጋ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቃል በቃል ዘፈነው። ድምፁ እንደወትሮው ቆንጆ ነበር፤ የቆጨኝም እሱ ነው። ቤቱ ሳቀ። እኔ ስብርባሪዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያንን ግጥም ይል ነበር። የመኩሪያ ሚስት ላቀች በገበያው ስታልፍ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በቅጠል፣ ሕፃናታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባለጋሪዎቹ ብረት ሲሰበርባቸው በጓሮ በር እየገቡ ያሠሩ ጀመር። ገበሬው ማረሻውን ይዞ ሌላ ከተማ ድረስ ሄደ። አልቀበልም ብዬ የጠበቅሁት የራሴን አፍ ብቻ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ከአያ ይርጋ ጋር መነጋገር አቆምን፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ዓይኑን ይሰብራል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

የጠጅ ቤት በር ሁሉ ተዘጋብኝ። ያስጠጋኝ ደሴ የሚባል ባለጋሪ ነበር፤ በኋላ ባሌ የሆነው እሱ ነው። «ጋሪዬ ላይ ቁሚና ዝፈኚ፤ ከጋሪ ላይ ማን ያወርድሻል?» አለኝ። አዲስ ማሲንቆ ሠራሁ። ዋንዛ አስጠርቤ፣ የፍየል ቆዳውን ርጥብ እንዳለ ወጥሬ፣ ጭራውንም ከደሴ ፈረስ ነቅሼ። ቆዳው ሲደርቅ የሚያወጣው ድምፅ ከፊተኛው ይጠነክር ነበር። ከዚያ የራሴን ግጥም ይዤ ገበያ ወጣሁ። ጋሪው ላይ ቆሜ፣ በእግሬ ቃጭሉን እየረገጥሁ እንዲህ አልሁ፤

የጋሪው ቃጭል ድምፅ የማን እጅ ነው በሉ፣
በመኩሪያ ብረት ነው የምታርሱት ሁሉ።
ሰው በላ ብላችሁ ስሙን ካነሣችሁ፣
ማረሻውን መልሱ፣ ቧጥጡ በእጃችሁ።

የዘፈን ነፍሱ መላሹ ነው። አንቺ ትያለሽ፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ማንም አልመለሰልኝም። ደግሜ አልሁት፣ ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር አንዲት ቅቤ ሻጭ ከጋሪው ሥር ቀና ብላ «ዘፈንሽስ ጥሩ ነው። ከቤቱ በልተሻል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር። ቃጭሌን ልወስድ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ከደጅ ቆሜ ተቀብያለሁ። ላቀች አንድም ቀን ግቢ አላለችኝም፤ እንደማልገባ ታውቃለቻ! ሴትየዋ መልሴን ጠበቀች፣ ገበያውም ጠበቀ። እኔ እዚያ ጋሪ ላይ ደጋኔን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ደሴ ፈረሱን መታና ከገበያው አወጣኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የተዋረድሁበት የለም። ግጥሙ ቤት የመታ፣ ዜማው የተቃና፣ ድምፄም ያልሰለለ ነበር። የጎደለውን ሴትየዋ ነገረችኝ። ብዙ ጊዜ ማሲንቆውን ሳልነካው ሰነበትሁ። ደሴ «እንጅባራ እንሂድ፤ እዚያ ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። «እዚያም ቅቤ ሻጭ አለች» አልሁት።

አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ተነሥቼ ወደ መኩሪያ ቤት ሄድሁ። እሱ ወናፉን እየነፋ ነበር። ላቀች በር ላይ ተቀምጣለች።

«እቴ ላቀች፣ እንዴት አደርሽ። ምሳ ልበላ መጣሁ» አልኋት።

ትክ ብላ አየችኝ። «እንጀራስ አለን፤ አብሮን የሚበላ ነው የጠፋው። ግቢ።»

«አልገባም። ደጅ ላይ፣ ሰው በሚያይበት ነው የምበላው።»

«አንቺ ሴት አብደሻል? ነገ ራስሽን ቢያምሽ፣ ድምፅሽ ቢሰልል በማን ሊሳበብ ነው? ልታድኚን መጥተሽ ልታስጨርሺን ነው!»

እውነቷን ነበር። መኩሪያ መዶሻውን አስቀምጦ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲናገር ግን ቀስ ብሎ ነው። «ብትታመሚ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው እላለሁ። ሞቼ ካልሆነ በቀር ወጥቼ እዘፍናለሁ።»

«ከሞትሽስ?»

«ከሞትሁማ እናንተን ማን ያምናችኋል!» አልሁ። ያን ጊዜ ላቀች ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

መሶቡ ደጅ ወጣ። ገበያተኛው በመንገዱ ሞልቶ ይተማል። እጄን ታጠብሁ፣ ነጠላዬን ከራሴ አወረድሁ፣ ምንም ሳልሸፍን ሦስታችን ቆርሰን መብላት ጀመርን። ሰው ቆመ። መጀመሪያ ልጆች፣ ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ባለጋሪዎች። ወጡ ያቃጥላል። ሁለተኛውን ስጎርስ በርበሬው ትን አለኝ፤ ሳልሁ፣ ሳልሁ፣ እንባዬ ወረደ። የሕዝቡን ትንፋሽ ሰማሁት፤ «ያዛት!» ያለም አለ። ላቀች ፊቷ አመድ መሰለ። መኩሪያ ውሃ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ላቀች፣ ይህ ወጥ በርበሬ በዝቶበታል፤ ቡዳው ያለው ድስቱ ውስጥ ነው!» ብዬ ጮህሁ። አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን አልተስፋፋም፣ ማንም ወደ መሶቡ አልቀረበም።

ከሰዉ መካከል አያ ይርጋ ወጣ።

ማሲንቆውን በጀርባው አንግቷል፤ ጋቢውን እንደ ልማዱ እስከ ግንባሩ ደፍቷል። መጥቶ ከመሶቡ አጠገብ ቆመ። ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈና በትከሻው ጣለው። «እቴ ላቀች፣ እጄን አስታጥቢኝ» አለ። አስታጠበችው። ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አደረገ። እንጀራውን ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ መኩሪያን ዓይን ለዓይን እያየ ጎረሰ። ሲያኝክ አየሁት። ብዙ ጥርስ የለውም ነበርና ቆየበት። ሕዝቡ በሙሉ አብሮት ዋጠ።

ከዚያ ማሲንቆውን አወረደ። ሳይዞር፣ ጀርባውን ሳይሰጥ፣ እዚያው ሰው እያየው ቃኘው። ወደ እኔ ተመለከተ።

«ትዋብ፣ ስጪኝ፤ ልቀበል።»

«አያ...»

«ዕድሜ ልኬን የሰጡኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ያንቺን ዛሬ ልቀበል። ስጪኝ።»

ሰጠሁት። «ሰው በላ ብላችሁ ስሙን ካነሣችሁ» አልሁ፤ እሱ «ማረሻውን መልሱ፣ ቧጥጡ በእጃችሁ» ብሎ ተቀበለ። ያ ድምፅ፣ ያንን ክፉ ግጥም ያሠራጨው ድምፅ፣ ከበፊቱም አምሮ ወጣ። ደጋግመን አልነው። መጀመሪያ የመለሰልን ደሴ ነው፣ ከዚያ ባለጋሪዎቹ። ከዚያ ያቺው ቅቤ ሻጭ መልሳ አዜመች። መብላትስ አልበላችም፣ መዝፈን ግን ዘፈነች። ላቀች በበሯ ቆማ እያለቀሰች እልል አለች።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ከመኩሪያ ቤት እስከ መጨረሻው ያልበላ ሰው ብዙ ነው። ግን ማረሻውን ይዞ በፊት ለፊት በር የሚገባው ሰው ተመለሰ፣ ልጆቹን በድንጋይ የሚያባርር አልተገኘም፣ ወፍጮውም ሌላ ቦታ ተተከለ። ግራዝማች አያ ይርጋን ከጠጅ ቤት ሁሉ አስባረረው፤ እኔ ድሮም ተባርሬያለሁ። ሁለታችንም ጋሪ ላይ ቀረን። ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ ጥሊሊ፣ እንጅባራ፤ ገበያ በዋለበት ሁሉ ዞርን። የሰው ግጥም ሳንቀበል በላን፣ ጦማችንን ያደርንበት ቀንም ነበር። እንጅባራ በጥር ፈረሰኞቹ ለበዓላቸው ሲወጡ ያቺን ግጥም በፈረስ ላይ ሆነው ሲሏት ሰማሁ፤ ከእኔ መሆኗን ያወቀ አልነበረም። ስሜ ሳይነሣ በሰው አፍ መሄዷ ደስ አለኝ።

አያ ይርጋ ከዚያ በኋላ በጋቢ ውስጥ በልቶ አያውቅም። ጉሮሮውም አልተዘጋም። ክታቡን ግን አላወለቀም። «ይቺ ለጥንቃቄ ናት» ይለኝ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሳቅሁበት።

ይህ ሁሉ ድሮ የቀረ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ባለፈው ጥር በዚያ ሠርግ፣ ኪቦርዱ እየጮኸ፣ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ገበታ ሲበላ፣ ከዳሱ በር ጥግ ባልና ሚስት ለብቻቸው ተቀምጠው አየሁ። ሳህናቸው ከሌላው ሳህን ይለያል። ባልየውን ግንባሩን አይቼ አወቅሁት፤ የመኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። ዛሬ ብየዳ ቤት አለው። የሠርጉን ዳስ ብረት የበየደው እሱ ነው፤ እኛ ሁላችን ከሥሩ ተቀምጠናል።

ለዚህ ነው ሳህኔን አንስቼ የተነሣሁት። ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁና የእኔን ከነሱ ጋር ደባልቄ መብላት ጀመርሁ። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ይዞ እስከ በሩ ተከተለኝ።

«እማማ፣ ግጥሙን አይሰጡንም?»

«እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ና፣ ቁጭ በልና ከእኛ ጋር ብላ።»

ሳቀ። ወደ ባለሠርጎቹ ዞሮ አየ፣ ወደ ሳህናችን አየ። «አሁን ከበላሁ ድምፄ ይዘጋል» አለኝ።

«ይህን የሚል ሰው አውቅ ነበር» አልሁት። «ካንተ የበለጠ ይፈራ ነበር፣ ካንተም የበለጠ ይዘፍን ነበር። ቁጭ ብሎ በላ።»

ዘፋኙ ተመለሰ። ኪቦርዱን ከፍ አደረገው። እኔም ግጥሜን ይዤ ቀረሁ። እነሆ ዛሬም ይዣታለሁ፤ የሚሻት ካለ ከበሩ ጥግ ይምጣ፣ እጁን ይታጠብ፣ ሳህኑ ላይ ቦታ አለ።